ከክሩስኮቱ ሥር የነበረችው ሬዲዮ

ደሴ ባደግሁበት ቤት ከአባቴ በቀር ሬዲዮዋን የሚነካ አልነበረም። ሲመሽ አጭር ሞገድ ላይ መርፌዋን በቀስታ እየገፋ የአሜሪካ ድምፅን ወይም ዶቼ ቬለን ይፈልጋል። ዘመኑ ደርግ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይለጥፍባታል። የባትሪ ድንጋዮቹ ሲደክሙ እናቴ ቀን ፀሐይ ላይ ታሰጣቸውና ለማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። የውጭ ጣቢያ መስማት በሚያስጠረጥርበት በዚያ ጊዜ አባቴ የዓለሙን ወሬ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነበር።

አባቴ መምህር ነበር፤ ሐሳብ ያለው፣ መጠየቅና መከራከር የሚወድ ሰው። ሬዲዮዋ ግን አንድም ቀን አስተያየቱን አልተቀበለችውም። እርሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ ኖረ፤ በወዲያ በኩል ያለው ሰው ግን አልሰማውም። ሬዲዮ ማለት ይኸው ብቻ መስሎኝ አደግሁ፣ ትዳር ያዝሁ፣ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ይህ ሐሳቤ የተለወጠው ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ መንዳት ከጀመርሁ ከዓመታት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2011 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ቨርጂንያ ውስጥ ሚነራል በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ የተነሣ መጠኑ 5.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋሽንግተንን ናጣት። የዋሽንግተን ሐውልት ድንጋዮች ተሰነጠቁ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የወጣ ሰው መንገዱን ሞላው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ስልኩን ስላነሣ የሞባይል መስመሩ ተጨናነቀ። ልጄ አሌክሳንድሪያ ሕፃናት ማቆያ ነበረች። ደጋግሜ ብደውልም መስመሩ አልያዝ አለኝ።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ተሳፋሪ ፀጉራቸው የሸበተ አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ኖሮ የማቆያውን ስልክ ቁጥር እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ከቦርሳቸው የእጅ ሬዲዮ አውጥተው ከፈቃዳቸው ጋር የተሰጣቸውን የጥሪ ምልክት ተናገሩና የቤት ስልክ ያለው ሰው ፈለጉ። አንድ ሰው ወዲያው መለሰላቸው። ቁጥሩን ሰጡት፤ ጥቂት ቆይቶ ያ የማላውቀው ሰው ተመልሶ መጣና ልጆቹ ሁሉ ደኅና መሆናቸውን፣ ከሞግዚቶቻቸው ጋር ሣር ላይ ተቀምጠው ወላጆቻቸውን እየጠበቁ መሆኑን ነገረን። መሪውን ይዤ አለቀስሁ።

ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ከኢትዮጵያ አልኳቸው። “ከመይ አለኻ!” አሉኝ በትግርኛ፣ ፊታቸው በርቶ። በ1960ዎቹ ወታደር ሆነው ያኔ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አሥመራ ቃኘው ጣቢያ አገልግለዋል። የአሜሪካ ጦር እስከ 1977 ድረስ በቆየበት በዚያ የመገናኛ ሰፈር ወታደሮቹ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ነበራቸው፤ የጥሪ ምልክቱም ኢቲ 3 ዩኤስኤ ነበር። ከአሥመራ ከፍታ ላይ ሆነው ሌሊት ሌሊት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች ጋር ያወሩ እንደነበር ነገሩኝ። አባቴ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥባት በነበረችው አገር፣ ባንድ ጥግ ሌሎች ሰዎች በሬዲዮ እየተነጋገሩ ኖረዋል ማለት ነው። ከታክሲው ሳይወርዱ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝና “የአማተር ሬዲዮ ፈቃዱን ማውጣት ትችላለህ፤ እኔ አስተምርሃለሁ” አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 26 መመለስ ይበቃል። የሞርስ ኮድ መማር ከአሜሪካ የአማተር ፈተናዎች ሁሉ የወጣው በ2007 ነበርና የእኔን ዕድሜ ሰው የሚያስፈራው ያ ግድግዳ ተነሥቷል። ጥያቄዎቹ መልሳቸው ጭምር አስቀድመው ለሕዝብ ይወጣሉ። አየር ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ላይ መኪናዬን አቁሜ ስለ ኦምና ዋት፣ ስለ ሞገድ ርዝመት፣ ስለ ፊውዝ አነብ ነበር። ሽማግሌው ግን መልሱን በቃሌ መያዜን አይወዱም፤ ምክንያቱን እንዳስረዳቸው ይፈልጋሉ። “አንቴናህ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሁን?” ይሉኛል። 300ን በሜጋኸርዙ፣ ለምሳሌ በ146፣ ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሩቡ 51 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሽቦ ላይ ሲሆን ትንሽ ያጥርና 49 አካባቢ ይሆናል። ይህን በናፕኪን ላይ አስልቼ፣ መኪናዬ ጣሪያ ላይ የቆመውን አንቴና በሜትር ለክቼ እዚያው ቁጥር ላይ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ፈቃዴን ባወጣሁ ሰሞን የርካሽ ሬዲዮ ዘመን እየገባ ነበር። እስከዚያ ድረስ የጃፓን ሥራ የሆነ የመኪና ሬዲዮ ለመግዛት አንድ ታክሲ ነጂ የሳምንት ገቢውን መስጠት ነበረበት። በ2012 ባውፌንግ ዩቪ-5አርን የመሰሉ የቻይና የእጅ ሬዲዮዎች ገበያውን አጥለቀለቁት። ድሮ ብዙ ዕቃ ይፈልግ የነበረውን ሥራ አንዲት ቺፕ ስለምትሠራው ዋጋቸው ወረደ። እኔም የጀመርሁት በእነዚህ ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮዎች በአንዷ ነው።

የዚያው ዓመት ጁን 29 ቀን ዋሽንግተን 40 ዲግሪ ሙቀት ሲያነዳት ዋለች። ማታ ላይ ከምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ገስግሶ መጣና ዛፉንም ምሰሶውንም ገነደሰው። በከተማዋና በአካባቢዋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፋበት፤ ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ በብዙ ቦታ የአደጋ ጊዜው 911 ስልክ እንኳ ሥራ አቆመ። እኔ ቤዝመንት ውስጥ ሆኜ የእጅ ሬዲዮዬን ከፈትሁ። የሌሎቹ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው ሆስፒታል ጄኔሬተር እንደያዘ ይነጋገራሉ። የእኔ ድምፅ ግን ከግድግዳው አላልፍ አለ። በማግሥቱ ሽማግሌውን ስጠይቃቸው፣ ኃይልም ቢሆን ያለ አንቴናና ያለ ከፍታ ከንቱ መሆኑን ገለጹልኝ። መኪናው የራሱ ባትሪ አለው፤ የብረት ጣሪያው አንቴናውን ያግዘዋል፤ ከተፈለገም ተነድቶ ኮረብታ ላይ ይቆማል። መብራት ቢጠፋ የሚሠራ ሬዲዮ ከፈለግሁ ቦታው መኪናዬ ነው።

እንዲህ ሆነና 25 ዋት የምትሰጥ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ በሁለት ባንድ የምትሠራ የመኪና ሬዲዮ መቶ ዶላር አካባቢ ገዛሁ። ሽማግሌው በሲጋራ መለኮሻው በኩል እንድሰካት አልፈቀዱም። ቀይና ጥቁሩን ሽቦ፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ፊውዝ፣ በኮፈኖው በኩል አሳልፈን በቀጥታ ከባትሪው አገናኘን። ሬዲዮዋን ከክሩስኮቱ ሥር አሰርናት። ማግኔት ያለውን አንቴና ጣሪያው መካከል አስቀመጥንና በመለኪያ አየን፤ ወደ አንቴናው የሚሄደው ኃይል ተመልሶ ሬዲዮዋን እንዳይመታት። ይህ ሁሉ የቅዳሜ ጧት ሥራ ነበር።

የከበደው ቻናል መሙላቱ ነው። ርካሽ ሬዲዮ ከፋብሪካ ስትመጣ ባዶ ናት፤ ወይም ለሌላ አገር የሚሆን ነገር ተሞልቶባታል። የት እንደምትሰማና የት እንደምትናገር የሚነግራት ባለቤቷ ነው። አሌክሳንድሪያ ሬዲዮ ክለብ ደብሊው 4 ኤች ኤፍ ኤች በሚባል ምልክት የሚያንቀሳቅሰው ሪፒተር አለ። ሪፒተር ከፍታ ላይ ተተክሎ የደከመውን ድምፅ ተቀብሎ በኃይል መልሶ የሚያሠራጭ ጣቢያ ነው። እርሱ የሚናገረው በ147.315 ሜጋኸርዝ ነው። የሚሰማው ግን 600 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ብሎ፣ በ147.915 ነው። ሲሰማና ሲናገር ባንድ ፍሪኩዌንሲ ቢሆን የራሱ ድምፅ ጆሮውን ይደፍነዋልና ሁለቱ መራራቅ አለባቸው። በዚህ ላይ ሰው ሲናገር ከድምፁ ሥር 107.2 ኸርዝ የሆነች ቀጭን ቃና አብራ መሄድ አለባት። አገር ቤት ሰው ከደጅ ቆሞ “ቤቶች!” ሳይል እንደማይገባ ሁሉ፣ ያቺን ቃና ያልላከ ሰው ሪፒተሩን አያስከፍተውም። የሩቅ ጣቢያና የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንዳይገባ የተዘጋጀ በር ነው።

ይህን ሁሉ በሬዲዮዋ ቁልፎች መሙላት ይቻላል። ሽማግሌው በመጀመሪያ በእጅ እንድሞላ አዘዙኝ፤ መኪና ውስጥ ኮምፒዩተር በሌለበት ሌሊት አዲስ ቻናል ማስገባት የማይችል ሰው በአደጋ ጊዜ አይረዳም ይላሉ። ፍሪኩዌንሲውን መጻፍ፣ አቅጣጫውን ፕላስ ማድረግ፣ ርቀቱን 600 ማለት፣ የመላኪያ ቃናውን መምረጥ፣ ከዚያ በቻናል ቁጥር ማስቀመጥ። በጨለማ በጣቴ ዳሰስ እያደረግሁ መሙላት እስክችል አልለቀቁኝም።

ከዚያ ወደ ቸርፕ አሳደጉኝ። ቸርፕ አማተሮች ለአማተሮች የሠሩት፣ በነፃ የሚገኝ፣ የብዙ ፋብሪካ ሬዲዮዎችን በአንድ ሠንጠረዥ የሚሞላ ፕሮግራም ነው። ሥርዓት አለው። አስቀድሞ በሬዲዮዋ ውስጥ ያለውን ወደ ኮምፒዩተር ማውረድና ሳይነኩ ማስቀመጥ፤ ነገር ቢበላሽ መመለሻው እርሱ ነው። የገመዱን ጫፍ እስከ መጨረሻው ገፍቶ መሰካት፤ ግማሽ የገባ ገመድ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይበላል። በገመዱ ውስጥ ያለችው ቺፕ አስመስለው የሠሯት ከሆነች ኮምፒዩተሩ እንደማያውቃት፣ አሮጌ ድራይቨር ሲጫን ግን እንደምትሠራ ማወቅ። ከዚያ በየረድፉ ፍሪኩዌንሲ፣ ስም፣ የቃና ዓይነት፣ ቃና፣ አቅጣጫ፣ ርቀት፣ ሰፊ ወይም ጠባብ ስርጭት ይገባል። ሰፊው ላይ የሚያወራ ሪፒተር ላይ በጠባቡ የሞላ ሰው ድምፁ ደክሞ ይሰማል። የመቀበያም ቃና የሞላ ሰው ደግሞ፣ ሪፒተሩ ያንን ቃና ካልመለሰለት፣ ባለ ድምፅ ሬዲዮ ይዞ ዝምታ ብቻ ያዳምጣል። እያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሬዲዮዋ ዝም ስትል የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ለቻናሉ የሚሰጠው ስም ስድስት ሰባት የላቲን ፊደል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ረድፎች በከተሞቹ ስም ሞላሁ። ሪፒተር የማያስፈልጋቸውን፣ ከመኪና ወደ መኪና የምናወራባቸውን ቻናሎች ግን ደሴ፣ ሐይቅ፣ አሳጥሬም ኮምቦልቻ ብዬ ሰየምኋቸው። በፖቶማክ ወንዝ ዳር እየነዳሁ ሰሌዳዋ ላይ ሐይቅ የሚለው ስም ብቅ ሲል ልቤ ወሎ ይደርሳል።

ከጓደኞቼ ጥቂቶቹ ፈቃድ አወጡ። ሬዲዮዎቻቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እየሞላሁም ሽማግሌው ለእኔ እንዳደረጉት ምክንያቱን አስረዳኋቸው። እሑድ ማታ በ146.520 ተጠራርተን ወደ ሌላ ነፃ ፍሪኩዌንሲ እናልፍና በአማርኛ እናወጋ ነበር። የአሜሪካ ሕግ በየትኛውም ቋንቋ መነጋገርን ይፈቅዳል። የጥሪ ምልክቱ ግን በየአሥር ደቂቃውና በንግግሩ ማብቂያ ላይ በእንግሊዝኛ መነገር አለበት። ስለዚህ ስለ ልጆቻችን ትምህርት፣ ስለ ሰርግና ስለ ልቅሶ ስናወራ ቆይተን፣ መሐል ላይ ምልክታችንን በእንግሊዝኛ እንጠራና ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን። ሕጉ ለገንዘብ ጥቅም ማውራትንም ይከለክላል። ስለ ተሳፋሪ፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ ሒሳብ አንድም ቃል አይነገርባትም። ቀኑን ሙሉ ስለ ገንዘብ ሲያስብ ለሚውል ነጂ ይህ ክልከላ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ያቺ ሬዲዮ የምትሠራው ለሰው መሆናችን ብቻ ነው።

በጃንዋሪ 2016 የበረዶው ማዕበል ሲመጣ ሬዲዮዋ ከነባሮቹ ጋር እኩል አቆመችኝ። ዳለስ አየር ማረፊያ 29.3 ኢንች በረዶ ተለካ፤ የከተማዋ ባቡር ቅዳሜና እሑድ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ በጎ ፈቃደኞች በየሰፈሩ ያለውን የበረዶ ከፍታ በሬዲዮ እንዲነግሩት ይፈልጋል። መኪናዬን በበረዶ እንደተከበበች አስነሥቼ፣ በማስመሪያ የለካሁትን ቁጥር ለሪፒተሩ ተናገርሁ። አስተባባሪው ደግሞ አነበበው፣ አመሰገነኝ፣ መዘገበው። በሰው አገር ያለ አንድ ታክሲ ነጂ የተናገረው ቁጥር ለሌላው ሰው ጥንቃቄ ሆነ። አባቴን ያሰብሁት ያኔ ነው። ለእርሱ ያልደረሰው ይህ ነበር፦ መስማት ብቻ ሳይሆን፣ የሚጠቅም ነገር ተናግሮ መደመጥ።

ሰማዩንም በዚያችው ሬዲዮ ሰማሁት። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ2020 ጀምሮ የያዘው ሪፒተር በ437.800 ሜጋኸርዝ ይሰማል። ጣቢያው በሴኮንድ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ወደ 437.810 ከፍ፣ ሲርቅ ወደ 437.790 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለመስማት በአምስት አምስት ኪሎ ኸርዝ ልዩነት አምስት ቻናል ሞላሁና ከላይ ወደ ታች እየተሻገርሁ ተከተልሁት። አየር ማረፊያው ወረፋ ላይ ነበርሁና ከኋላዬ የተሰለፉት ነጂዎች ከመኪናቸው ወርደው መስኮቴ ላይ ተሰበሰቡ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ጣቢያ በኩል ሰዎች ስም ሲለዋወጡ ሰምተን ተገረምን።

ርካሽ ነገር ጉድለት የለውም አልልም። እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎች ጠንካራ ማሠራጫ አጠገብ ሲያልፉ ደካማውን ድምፅ መለየት ያቅታቸዋል። አንዳንዶቹ ከተፈቀደላቸው ውጭ የማይፈለግ ሞገድ ይረጫሉ። ብዙዎቹም የፖሊስና የእሳት አደጋ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጭምር መናገር ስለሚችሉ፣ የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2018 ስለ እነርሱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሽማግሌው የእኔን ሬዲዮ በመሣሪያ መርምረው ንጹሕ መሆኗን ካዩ በኋላ ነው እንድናገርባት የፈቀዱልኝ። ዋጋዋ የወረደ ሬዲዮ የባለቤቷን ኃላፊነት ከፍ ታደርጋለች። ፋብሪካው ያልዘጋውን በር የሚዘጋው የያዛት ሰው ዕውቀትና ሕሊና ነው። ይህን ትምህርት ያወረሱኝ ሰው ካረፉ ዓመታት አለፉ። እኔ ግን ለሰው ሬዲዮ ስሞላ ዛሬም የእርሳቸውን ቅደም ተከተል እከተላለሁ።

አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ ኢቲ 3 ኤኤ የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ተማሪዎችን የሚያሠለጥንበት ነው። ከዚያ የሚወጣውን ድምፅ የዓለም አማተሮች በጉጉት ይፈልጉታል፤ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ምልክት ብርቅ ነውና። ወደ አገር ስገባ ለወንድሜ ልጅ አንዲት ሬዲዮ ይዤለት ልሂድ የሚል ምኞት ነበረኝ። ያለ ፈቃድ የሚገባና የሚሠራበት ዕቃ አይደለምና ተውሁት፤ ይልቅ ወደዚያ ክበብ እንዲሄድ መከርሁት። ወጣት መማሪያ ቦታ፣ አስተማሪና ፈቃድ ካገኘ፣ ሬዲዮው የሚከብደው ነገር አይሆንም፤ ዋጋው ወርዷል።

ዛሬ የምቆጨው የቋንቋው ነገር ነው። ስለ ሞገድ፣ ስለ ቃና፣ ስለ ሪፒተር ለጓደኞቼ ያስረዳሁት ሁሉ በአፍ የቀረ ነው። እንግሊዝኛው የከበዳቸው፣ ግን ኤሌክትሪኩን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሜካኒኮች፣ በጥያቄው ቃል ምክንያት ፈተናውን ፈርተው ሲቀሩ አይቻለሁ። እነዚያን 35 ጥያቄዎች የሚወልደውን ትምህርት፣ ከፊውዙ እስከ አንቴናው ርዝመት፣ በአማርኛ አብራርቶ መጻፍ የእኔ ትውልድ ዕዳ ነው። እኔ በደብተሬ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚነሣው ሽማግሌው ከጠየቁኝ ጥያቄ ነው፦ አንቴናህ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ለምንስ?